ፕላስተሩ ምን አጠፋ? በፎም ግላይደር ላይ ስለሚለጠፍ ፕላስተር ተረቱና እውነታው

ከፎም የተሠራ ሞዴል ግላይደር ክንፉ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ከተነሣ ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቃል፤ ፕላስተሩ ነው። «የዘንድሮ ፕላስተር ሙጫ የለውም»፣ «ርካሹን ገዝተህ ነው»፣ «ወፍራሙን ብትለጥፍ ኖሮ» ይባላል። ባለቤቱ ሌላ ጥቅል ይገዛል፤ እንደገና ይለጥፋል፤ ሳምንት ሳይሞላ ጫፉ እንደገና ይነሣል። በዚህ ትርፍ ሰዓት ሙያ ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ ከሚተላለፉት ምክሮች ብዙዎቹ ግማሽ እውነት ናቸው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ሰው ያሳስታል። የእኔ ፍርድ ከወዲሁ ይታወቅ፦ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስተሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የሚገኘው ከመለጠፉ በፊት ባሉት ደቂቃዎችና ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ለመሆኑ አውሮፕላን በፕላስተር ማልበስ ከየት መጣ? በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ አጠገብ፣ ቶሪ ፓይንስ የሚባል ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ የባሕር ዳር ገደል አለ። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ መሄጃ አጥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ሞተር የሌላቸው አውሮፕላኖች በዚህ ሽቅብ ነፋስ ላይ ለረጅም ጊዜ መንሳፈፍ ይችላሉ። ቻርለስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1930 በዚሁ የባሕር ዳርቻ ላይ በግላይደር በርሯል። በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ ግላይደሮችም እንዲህ ባሉ ተዳፋቶች ላይ ሲበሩ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ከባልሳ እንጨት የሚሠሩት ደካሞች ስለነበሩ አንድ ክፉ አወራረድ የወራት ሥራ ያጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዛጊን የመሰሉ ጅራት የለሽ በራሪ ክንፎች ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። ገላቸው የተነፋ ፖሊፕሮፒሊን፣ በአጭሩ ኢፒፒ የሚባለው ፎም ነበር፤ በመኪና ፓራውልት ውስጥ ግጭት እንዲውጥ የሚቀመጠው ያው ፎም ማለት ነው። ቢጫኑት ተመልሶ ይነፋል፤ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ነጥሮ ይነሣል። አብራሪዎች ሆን ብለው አውሮፕላኖቻቸውን አየር ላይ የሚያጋጩበት ጨዋታ ሳይቀር ተስፋፋ።

ኢፒፒ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ይለመጣል። ክንፍ እንዲሆን ከተፈለገ የሚያደነድነው ልብስ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የመስታወት ክር ያለበት የጭነት ማሰሪያ ፕላስተር በሰያፍና በቁመት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በላይ ባለቀለም ማሸጊያ ፕላስተር ይለብሳል። ይህ ልብስ ለጌጥ አይደለም። ክንፉ በአየር ግፊት ወደ ላይ ሲታጠፍ የታችኛው ገጽ ይሳባል፤ የላይኛው ይጨመቃል። በሁለቱም በኩል ያለው ፕላስተር ከፎሙ ጋር አንድ አካል ከሆነ ጭነቱን ይካፈላል፤ ፎሙም ሁለቱን ቆዳዎች አራርቆ ይይዛቸዋል። መያያዙ በአንድ ቦታ ላይ ከላላ ግን የላይኛው ፕላስተር ይሸበሸባል፤ ክንፉም ወደ ቀድሞ ልምጥነቱ ይመለሳል። ስለዚህ የምንነጋገረው ክንፉ ጭነት ስለመሸከሙና ስላለመሸከሙ ነው።

«ጥሩ ፕላስተር ከሆነ የትም ይይዛል»

ከተረቶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው። የፕላስተር ሙጫ እንደ ሱፐር ግሉ ደርቆ አይጠነክርም፤ ዕድሜውን ሙሉ ወፍራም ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል። እንደ ማር ነው፤ ሲሞቅ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። አንድን ገጽ የሚይዘው በገጹ ላይ ፈስሶ፣ ትንንሽ ጉድጓዶቹን ሞልቶ፣ ሞለኪውል ለሞለኪውል ሲጠጋ ነው። ያ መቀራረብ ከሌለ የሙጫው ውፍረትም ሆነ ዋጋ ምንም አያመጣም።

ፈሳሽ በአንድ ገጽ ላይ ይፈሳል ወይስ ተኮማትሮ ይቀራል የሚለውን የሚወስነው የገጹ ጉልበት የሚባለው ነገር ነው። የሚለካው በሚሊኒውተን በሜትር ነው። የውሃ 73 ገደማ ነው፤ የንጹሕ መስታወት ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ውሃ በንጹሕ መስታወት ላይ ተዘርግቶ ይፈሳል። የፖሊስታይሪን 35 አካባቢ ነው። የፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 30 ገደማ፤ ከተለመዱት ፕላስቲኮች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ኢፒፒ ላይ ውሃ ጠብ ቢያደርጉ ድብልብል ብሎ ይቀመጣል። ሙጫም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ በገጹ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ራሱን መሰብሰብ ይመርጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተራው የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ራሱ የተሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ነው! ታዲያ ሙጫው በራሱ ፕላስቲክ ላይ እንዴት ያዘ? ፋብሪካው ስላዘጋጀው ነው። ስሱ ፕላስቲክ ሙጫ ከመቀባቱ በፊት አንደኛው ገጹ ኮሮና በሚባል የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ሥር ያልፋል፤ ያ ፍንጣቂ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ በገጹ ላይ ይተክላል፤ የገጹም ጉልበት ከፍ ይላል። በአንድ ፕላስቲክ ሁለት ገጽ ላይ አንዱ ሙጫ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ይለቃል። የእኛ ፎም እንዲህ ያለ ዝግጅት አላየም። ፋብሪካው ለፕላስተሩ ያደረገውን ግንበኛው ለፎሙ ካላደረገ መቶ ዓይነት ጥቅል ቢቀያይር ትርፉ ድካም ነው።

ወፍራም ፕላስተር ይሻላል የሚለውም እንዲሁ መመርመር አለበት። ወፍራም ጀርባ ያለው ፕላስተር ደረቅ ነው፤ በክንፉ ፊት ባለው ክብ ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ተመልሶ ቀጥ ለማለት ይታገላል። ቀንና ሌሊት ሙጫውን እየሳበ በመጨረሻ ራሱን ያላቅቃል። ለጠርዝ ስስና ልምጥ ያለው ይመረጣል፤ ጥንካሬ ከተፈለገ ከሥሩ የክር ፕላስተር ይገባል። ክሩ ጥንካሬ የሚሰጠው በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ክንፍ እንዳይጠማዘዝ የሚፈልግ ሰው በሰያፍ፣ ወደ 45 ዲግሪ ተጠግቶ፣ ሁለቱን አቅጣጫ አቋርጦ መለጠፍ አለበት።

«በአልኮል ጠርጌዋለሁ፣ ይበቃዋል»

አልኮል አቧራና የእጅ ቅባት ያነሣል፤ ይህ አስፈላጊ ነው። የፖሊፕሮፒሊንን ተፈጥሮ ግን አይለውጥም። ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ያው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ስለዚህ መጥረግ የዝግጅቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

አልኮሉም ዓይነት አለው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በየቤቱ የቀረው የእጅ ሳኒታይዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ራሱ እጅ እንዳይደርቅ ብሎ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል ያስገባበታል፤ ጄል የሆነው ደግሞ ማወፈሪያም አለው። አልኮሉ ሲተን እነዚህ በፎሙ ላይ ይቀራሉ፤ ሙጫው የሚያርፈውም በእነሱ ላይ ይሆናል። ከፋርማሲ የሚገዛ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት አይሶፕሮፒል አልኮል በንጹሕ ጨርቅ በቂ ነው። ጨርቁም በጨርቅ ማለስለሻ ያልታጠበ ይሁን።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያስ? ኢፒፒን አይጎዳም። ነጩን የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም፣ የተነፋ ፖሊስታይሪንን፣ ግን ውስጡ ያለው አሴቶን በዓይን እያዩት ይበላዋል። ቤንዚንም እንደዚያው። አገር ቤት በቀላሉ የሚገኘው ፎም ይህ ነጩ ስለሆነ ከውጭ የሰማነውን የኢፒፒ ምክር ሁሉ እንዳለ ማዋል አደጋ አለው። ነጩ ፎም ትንሽ ሲሰበር ፍሬው እየተፈረፈረ የሚነጠል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ነው፤ ኢፒፒ ግን ሲታጠፍ ይታጠፋል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ሳይለዩ መጀመር ግን ክንፍ ያስከፍላል።

«ማሻከር ነው መፍትሔው፤ ካልሆነም ሙጫ አብዝተህ ርጭበት»

እንጨት ላይ የሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ብርጭቆ ወረቀት ነው። በኢፒፒ ላይ ግን ብርጭቆ ወረቀት ፎሙን ከማለስለስ ይልቅ ያነጫጨዋል፤ ጸጉር የመሰለ ብናኝ ያወጣል። የማሸጊያ ፕላስተር ሙጫ ውፍረት ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በፎሙ ፍሬዎች መካከል ያለው ጉድጓድ ግን ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ፕላስተሩ የሚነካው የፍሬዎቹን አናት ብቻ ነው ማለት ነው። በዓይን ሲታይ ሙሉ በሙሉ የተለጠፈ ይመስላል፤ በእውነቱ የያዘው ነጠብጣብ ነጠብጣብ ቦታ ነው። ገጹን ማሻከር እነዚህን አናቶች ያሳንሳቸዋል እንጂ አያበዛቸውም። የሚጠቅመው ተቃራኒው ነው፤ የተነሡትን ፍሬዎች በስለታም ከተር መላጨት፣ ትልልቅ ቀዳዳዎችን በቀላል መሙያ መድፈን፣ ከዚያ ብናኙን በብሩሽና በአየር አጥርቶ ማስወገድ።

ክፍተቱን የሚሞላውና ፎሙን ከፕላስተሩ ጋር የሚያስታርቀው የሚረጭ ሙጫ ነው። በኢፒፒ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያለዚህ ሙጫ ፕላስተር አይነኩም፤ ትክክል ናቸው። ሙጫው ሲረጭ ቀጭን ስለሆነ በፍሬዎቹ መካከል ይገባል፤ ማሟሟያው ሲተን የሚያጣብቅ ቆዳ ትቶ ይሄዳል፤ ፕላስተሩ የሚያርፈው በዚያ ቆዳ ላይ ነው።

ታዲያ ሁለት ስሕተቶች አብረውት ይመጣሉ። የመጀመሪያው ብዛት ነው። ሙጫው እንደ ጭጋግ በስሱ ከረጋ ይበቃል፤ የፎሙ ቀለም ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ በዝቷል። ክብደቱን እናስላው። የ1.2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው በራሪ ክንፍ ላይና ታቹ ሲደመር ወደ 0.6 ካሬ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ተራ ማሸጊያ ፕላስተር በካሬ ሜትር 45 ግራም ገደማ ስለሚመዝን አንድ ጊዜ ብቻ የለበሰ ልብስ ወደ 27 ግራም ነው። በግዴለሽነት የተረጨ ሙጫ ያንኑ ያህል ሊጨምር ይችላል። ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ባዘነበለ ክንፍ ላይ የጫፎቹ ክብደት ሚዛኑን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያንን ለማካካስ አፍንጫው ላይ እርሳስ ይጨመራል። በሙጫ የጀመረው ክብደት በእርሳስ ያልቃል።

ሁለተኛው ስሕተት ችኮላ ነው። «እርጥብ ሳለ ለጥፈው፣ ይበልጥ ይይዛል» የሚሉ አሉ። ፕላስተር አየር አያሳልፍም። ማሟሟያው ሳይተን ከተሸፈነ መውጫ አጥቶ ወይ አረፋ ሆኖ ፕላስተሩን ያነሣዋል፣ ወይ የፕላስተሩን ሙጫ አሟሙቶ ያቀጥነዋል፣ ወይም ፎሙ ፖሊስታይሪን ከሆነ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ጣት በስሱ ሲነካው የሚያጣብቅ ግን ጣት ላይ የማይቀር እስኪሆን መጠበቅ ነው። በደረቅና ሞቃት አየር ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ በክረምት እርጥበት የበለጠ ይቆያል። ሥራው የሚሠራው መስኮት ተከፍቶ፣ ከምድጃና ከሻማ ርቆ ነው፤ የሚረጨው ነገር በእሳት የሚያያዝ ነው።

የጫማ ማስቲሽ የሚረጨውን ሙጫ ይተካል? በነጩ ፎም ላይ በፍጹም፤ ያቀልጠዋል። በኢፒፒ ላይ አያቀልጥም፤ በብሩሽ ሲቀባ ግን ወፍራምና ከባድ ነው፤ እኩል አይሆንም። ለነጩ ፎም ፖሊስታይሪን የማይጎዳ መሆኑ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈበትን የሚረጭ ሙጫ መፈለግ፣ ካልተገኘ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ በስሱ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ ካደረቁ በኋላ መለጠፍ ይቻላል። ጥቂት ቢረጥብ እንኳ በፕላስተር ሥር የተዘጋ ውሃ የትም አይሄድም። ጋራዥ ውስጥ የፕላስቲክ ፓራውልት ከመቀባቱ በፊት የሚረጨው ፕራይመርም ፖሊፕሮፒሊንን ለማስያዝ የተሠራ ስለሆነ በኢፒፒ ላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ከነጩ ፎም ግን ይራቅ።

«ፕላስተር ላይ ፕላስተር ከምንም በላይ ይይዛል»

ሙጫ በሙጫ ላይ አዎን። ሙጫ በፕላስተር ጀርባ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ ጥቅሉን ተመልከቱት፤ በዚያ ጥቅል ውስጥ ፕላስተሩ በራሱ ጀርባ ላይ ለወራት ተለጥፎ ከርሟል፤ ሆኖም ስንስበው ሳይቀደድ ይፈታል። ይህ የሆነው ጀርባው ሙጫ እንዳይዝ ተደርጎ ስለተሠራ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ማላቀቂያ ቅብ አለ። ፋብሪካው እንዲለቅ ብሎ ባዘጋጀው ገጽ ላይ እኛ እንዲይዝ እንለጥፋለን። የግላይደር ልብስ ብዙ ጊዜ መነሣት የሚጀምረውም ከፎሙ ሳይሆን ከዚህ መደራረቢያ ነው።

ስለዚህ መደራረቢያው መዘጋጀት አለበት። ሌላ ፕላስተር የሚያርፍበትን ጠባብ ቦታ በጣም በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ወይም በድስት ማጠቢያ አረንጓዴ ስፖንጅ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ በቀስታ ማሸት፤ ከዚያ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ። ፎሙ ላይ የነቀፍነው ማሻከር እዚህ ቦታ ላይ ይሠራል፤ ምክንያቱም የምናስወግደው ቅቡን ነው። ቦታው አንድ ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረው ይበቃል። ከክር ፕላስተሩ በላይ ባለቀለሙን የሚያለብሱ ሰዎች ደግሞ በሁለቱ መካከል እንደገና በስሱ ይረጫሉ። ብክነት አይደለም፤ የክር ፕላስተሩም ጀርባ ያው የሚለቅ ጀርባ ነው።

የመደራረቡ ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው። ነፋሱ የሚመጣው ከፊት ስለሆነ ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ተጀምሮ ወደ ፊት ይመጣል፤ የፊተኛው ፕላስተር በኋለኛው ላይ ይደረባል። እንዲህ ሲሆን የተጋለጡት ጠርዞች ሁሉ ወደ ኋላ ያያሉ፤ ነፋሱ ከሥራቸው ገብቶ ሊገልጣቸው አይችልም። ከፊት የጀመረ ሰው ጠርዞቹን ሁሉ ለነፋስ ከፍቶ ሰጠ።

«ወጥረህ ለጥፍ፣ እንዳይሸበሸብ»

ፕላስቲክ ሲወጠር ይረዝማል፤ ሲለቁት ሊመለስ ይፈልጋል። ተወጥሮ የተለጠፈ ፕላስተር በፎሙ ላይ ሆኖ መመለሱን አይተውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል ይሳባል። ጫፎቹ የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው። ጫፎቹ ባይነሡ ደግሞ ክንፉ ይቆለመማል፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው በተለየ ከተጠማዘዘ አውሮፕላኑ ሳይታዘዝ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ጅራት በሌለው በራሪ ክንፍ ላይ ይህ በቀላሉ የሚታረም ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ገልጦ እንደገና ማልበስ ነው።

የፕላስተሩ የራሱ ዝግጅት እዚህ ላይ ነው። ከጥቅሉ ላይ ቀጥታ ወደ ክንፉ እየሳቡ አለመለጠፍ። ከሚፈለገው ትንሽ ረዘም አድርጎ መቁረጥ፤ ሁለቱን ጫፎች መያዣ እንዲሆኑ ወደ ውስጥ ማጠፍ፤ ሰም ባለው ወረቀት ላይ በስሱ አሳርፎ ወይም አንጠልጥሎ ትንሽ ጊዜ መስጠት፤ ተስቦ የረዘመው ያን ጊዜ ይሰበሰባል። ሙጫውን በጣት አለመንካት፤ የተነካችው ጫፍ መጀመሪያ የምትነሣዋ ናት። ሲለጠፍም ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር በጣት እየገፉ እንጂ እየጎተቱ አይደለም። የታጠፉት መያዣዎች በመጨረሻ በከተር ይቆረጣሉ።

ፕላስተር በፍጥነት ሲፈታ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክም አቧራና የፎም ብናኝ ይስባል። ቀስ ብሎ መፍታት ይሻላል። የዚህ ኤሌክትሪክ ጉልበት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ተራ ፕላስተር ሲፈቱ የጣት አጥንት ፎቶ ለማንሣት የሚበቃ ኤክስሬይ እንደሚወጣ አሳይተዋል። ቤት ውስጥ አየር ስላለ እንዲህ ያለ ነገር አይከሰትም፤ የሚመጣው አቧራ ብቻ ነው። ለክንፉ ግን አቧራውም ይበቃዋል።

«ከተለጠፈ አለቀ»

አላለቀም። ቀደም ብለን ሙጫው ወፍራም ፈሳሽ ነው ብለናል፤ ፈሳሽ ደግሞ ለመፍሰስ ግፊት፣ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ታዋቂ የአክሪሊክ ፕላስተር አምራች ለራሱ ምርት ባወጣው መመሪያ መሠረት ክፍሉ ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል፤ ከ10 ዲግሪ በታች መለጠፍ አይመከርም። ከሚደርስበት ጥንካሬ ግማሹን የሚያገኘው በ20 ደቂቃ፣ 90 በመቶውን በ24 ሰዓት፣ ሙሉውን በ72 ሰዓት ነው። የማሸጊያ ፕላስተር ቁጥር ልክ ይኸው ነው ለማለት አይደለም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ጠዋት አልብሶ ከሰዓት ገደል ላይ የሚያበር ሰው ያልደረሰ ክንፍ ይዞ ወጥቷል።

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ጎተራ ወይም በረንዳ ላይ ያደረ ፎምና ፕላስተር በዚያ ሰዓት አይለጠፍም፤ ሁለቱንም ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቆይቶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ መሥራት ነው። ከተለጠፈ በኋላ በጨርቅ በተጠቀለለ ማንኪያ ጀርባ ወይም በጠርሙስ ኢፒፒውን ሳያጎደጉዱ ጫን እያሉ ማሸት ከማንኛውም ውድ ጥቅል በላይ ይሠራል። ነጩ ፎም ግን ተጭኖ ስለማይመለስ በእጅ መዳፍ ብቻ ይታሻል።

«በካውያ ተኩሰው» የሚለው ምክር ደግሞ ሌላ ጽንፍ ነው። ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የፕላስተሩ ጀርባ በፋብሪካ ተስቦ የተሠራ ስለሆነ ሲግል ይኮማተራል፤ ነጩ ፎምም ከ80 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የጸጉር ማድረቂያ እጅ በሚችለው ሙቀት ይበቃል። ካውያ ካስፈለገ በዝቅተኛው መጠን፣ ጨርቅ በመሐል አድርጎ፣ በኢፒፒ ላይ ብቻ።

ስለ ማጠፊያዎች ጥቂት ልበል። የበራሪ ክንፍ የኋላ መሪዎች ብዙ ጊዜ በፕላስተር ማጠፊያ ይያዛሉ፤ «የወረቀት ፕላስተርም ይሆናል» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። አይሆንም። የወረቀት ፕላስተርን እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው የ3ኤም (3M) ኩባንያ ባልደረባ ሪቻርድ ድሩ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ቀለሙን ሳያበላሹ እንዲያነሡት ብሎ ነው የሠራው፤ ሥራው መልቀቅ ነው። ለማጠፊያ ልምጥ ያለ የፕላስቲክ ፕላስተር ከላይም ከታችም ይደረጋል፤ በክፍተቱ ላይ ሁለቱ ሙጫዎች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ እዚህ ላይ ሙጫ በሙጫ ስለሆነ አይለቅም።

ክንፍ ከመሸፈኑ በፊት ግን ከዚያው ፎም የተቆረጠ ቁራጭ ይፈተን። በታሰበው ዝግጅት ፕላስተር ለጥፉበት፤ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ከዚያ ጫፉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ፕላስተሩም ፎሙም ንጹሕ ሆነው ከተለያዩ ሙጫው ገጹን አልያዘም፤ ዝግጅቱ፣ ግፊቱ ወይም ሙቀቱ ጎድሏል። ሁለቱም ወገን እንደ ማስቲካ እየተሳበ የሚለያይ ከሆነ የተረጨው ሙጫ በዝቷል ወይም አልደረቀም። የፕላስተሩ ሙጫ ሁሉ ፎሙ ላይ ቀርቶ ጀርባው ባዶውን ከወጣ ጥቅሉ አርጅቷል ወይም ደካማ ነው፤ ፕላስተሩን መውቀስ የሚገባው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ፕላስተሩ የፎም ፍሬ ገንጥሎ ከተነሣ ደግሞ መያያዙ ከፎሙ ከራሱ በልጧል፤ ከዚያ በላይ ጠንካራ ሙጫ መፈለግ ክብደት ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።